የድንቹ ደወል

እኔ ሮስቪታ በእግዚአብሔር አላምንም። እኛ መንደር ክሌቪትስ ውስጥ የሚያምን ካገኛችሁ ደግሞ እስቲ ንገሩኝ! በኮሚኒስቶቹ ዘመን ያደግነው ያለ እሱ ነው። ቄስ ኤክሃርት ግን ሉተራዊ ቄስ ሆነው፣ ከጀርመን አገር ሁሉ እኛን መርጠው መጡ። ምን እንደታያቸው እንጃ። በሽተኛ ሐኪም ቤት አደረሱ፤ ሳይጠሩ ለቅሶ ደረሱ። ባሌን ሲቀብሩልኝ፣ "እሱ እኮ አያምንም ነበር" ብላቸው፣ "ግድ የለም፣ እኔ አምናለሁ" አሉኝ። እንወዳቸዋለን። ቤተ ክርስቲያን ግን አንሄድም። ምን እናድርግ?

እሑድ እሑድ ብቻቸውን ያመልካሉ። "አባታችን ሆይ" ላይ ሲደርሱ የደወሉን ገመድ ይስባሉ። ያኔ የመንደሩ ሴት ሁሉ ለምሳ ድንቿን ትጥዳለች። እናቴም በቀድሞዎቹ ቄሶች ደወል እንዲሁ ታደርግ ነበር።

አንድ ቅዳሜ አጥሬ ጋ መጥተው፣ "ወይዘሮ ሮስቪታ፣ ነገ አንድ ሰው እንኳ ከመጣ እቀራለሁ። ካልመጣ ግን እዚህ ሥራ የለኝም፣ እሄዳለሁ" አሉኝ። ለሁሉም ቤት እንዲሁ ተናግረዋል። እኔ መቼም ሌላ ሰው ይሄዳል ብዬ ተኛሁ። ለካስ ሁሉም እንደዚያው ብሏል!

በነጋታው ደወል የለም። ጠበቅን፣ ጠበቅን። ሥጋው ምድጃ ውስጥ ደረቀ። ጎረቤቴ ጌርኖት፣ የድሮው የፓርቲ ካድሬ፣ አንገቱን በአጥር አስግጎ ጮኸ።

"አንቺ! ሰውዬው ምን ነካቸው? ሞቱ እንዴ?"

ሽርጤን እንኳ ሳልፈታ ከጌርኖት ጋር ሮጥኩ፤ መንገድ ላይ ግማሹ መንደር ተከተለን። የቤተ ክርስቲያኑን በር በርግደን ስንገባ ቄሱ የፊት ወንበር ላይ ብቻቸውን ተቀምጠዋል።

"ደወሉስ?" አልኳቸው ቁና ቁና እየተነፈስኩ።

"ማን ሊሰማው?"

"እኛ ነና! ድንቹን በምን እንጣድ?"

"የምን ድንች?"

ጌርኖት አስረዳቸው።

"ይህን ሁሉ ዓመት በእኔ ጸሎት ድንች ስትጥዱ ኖራችኋል?"

"ታዲያስ!"

ሊስቁ ይሁን ሊቆጡ እሳቸውም አላወቁ። አንድ በአንድ አዩን። "እንግዲህ መጡ ልበል ወይስ አልመጡም?" አሉ። እኔ እስከ ዛሬ ግራ እንደገባኝ ነው። ለጸሎት አልመጣሁም። ግን ስሮጥ ድንቹ ትዝም አላለኝ።

"በሉ፣ ልደውልላችሁና ሂዱ" ብለው ገመዱን ሳቡ። ደወሉ ጮኸ። ማንም ንቅንቅ አላለም። ጌርኖት ኮፍያውን አውልቆ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ።

"ድንችህስ?" አልኩት።

"ይቆይ! ዕድሜ ልኬን ደወሉን ብቻ ነው የሰማሁት። እስቲ ቃሉንም ልስማ።"

ቄሱ ይህን ሲሰሙ ፊታቸውን ወደ መስቀሉ አዞሩ። "አባታችን ሆይ" አሉና ሳግ ያዛቸው። ልናግዛቸው፣ ልናስቀጥላቸው ፈለግን። ቀጥሎ ያለውን ግን አንዳችንም አናውቀውም። ተቀምጠን ጠበቅናቸው።