ናሙና አራት መቶ አሥራ ሰባት

በመንግሥት የምግብ ምርመራ ላቦራቶሪ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርታለች። ባልደረቦቿ «ሚዛን» ይሏታል፤ አንዱን ነገር ሦስት ጊዜ ካልመዘነች እጇ አያርፍም። ክፍሏ ከኮሪደሩ መጨረሻ ነው። ቀኑን ሙሉ የምትውለው ከብልቃጥና ከሚያጉረመርም ማቀዝቀዣ ጋር ነው።

ባል አላገባችም። እናታቸው ሲሞቱ ታናሽ ወንድሟ ገና የስምንት ዓመት ልጅ ነበር፤ አሳድጋ፣ አስተምራ፣ ድራ ለወግ ለማዕረግ ያበቃችው እሷ ናት። እሱም አድጎ ኦቾሎኒ ቅቤ እየፈጨ በጠርሙስ የሚያሽግበት ትንሽ ወርክሾፕ ከቤቱ አጠገብ ከፈተ። እሁድ እሁድ ምሳ እሱ ቤት ነው። «እትዬ» ተብላ የምትጠራው እዚያ ቤት ብቻ ነው።

ላቦራቶሪ የሚገባ ናሙና ባለቤቱ አይታወቅም። ተቆጣጣሪዎች ከሱቅ ያመጡታል፤ መዝገብ ቤት ስሙን ልጦ ቁጥር ይለጥፍበታል። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ናሙና አራት መቶ አሥራ ሰባት ደረሳት፤ ኦቾሎኒ ቅቤ። የሻጋታ መርዝ እንዳለበት ልታይ አሟሟችው፣ አጣራችው፣ ጠብታውን መስታወት ላይ አሳርፋ ከመመርመሪያው መብራት ሥር አስገባችው። ደማቅ ሰማያዊ ሆኖ በራ። ደገመችው፤ ሠለሰችው። ከተፈቀደው ስድስት እጥፍ ነው፤ ቀለምም ጣዕምም የሌለው፣ ጉበት ቀስ በቀስ የሚበላ መርዝ።

የወንድሟ ቢሆንስ የሚል ሐሳብ ሽው አለባት። መዝገብ ቤት ወርዳ መጠየቅ ትችል ነበር። አልወረደችም። በየማለዳው ይህን ዳቦ ላይ የሚቀባላቸውን ሕፃናት አስባ ፈረመች።

እሁድ ብርቱካን ይዛ ስትሄድ የወርክሾፑ በር ታሽጓል። ወንድሟ ደጃፉ ላይ ቆሟል።

«እትዬ፣ ተቆጣጣሪዎቹ የምርመራውን ወረቀት አሳይተውኛል። ፊርማው ያንቺ ነው?»

«የኔ ነው። ግን ቁጥር እንጂ ስም አይመጣልንም፤ የማን እንደሆነ አላወቅኩም።»

«ብታውቂስ ኖሮ?»

ውሸቱ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። «ባውቅም እፈርም ነበር» አለችው።

«እንግዲያው ፊርማሽ ምሳ ያብላሽ!» ብሎ ወደ ቤት ገባ። በሩን አልወረወረውም፤ ቀስ አድርጎ ነው የዘጋው።

ከሦስት ወር በኋላ ለዳግም ምርመራ ማመልከቱን ሰማች። የክፍሉ ኃላፊ ቢሮ ገብታ፣ «የዚያ የታሸገው የኦቾሎኒ ቅቤ ወርክሾፕ ናሙና ለኔ እንዳይሰጥ፤ የወንድሜ ነው» አለች።

ኃላፊው ከመነጽሩ በላይ አያት። «የመጀመሪያውን የሠራሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

«ነኝ።»

ኃላፊው ብዕሩን አንሥቶ ማስታወሻ ያዘ።

ሌላ ባለሙያ መረመረው፤ አለፈ፤ እሽጉም ተነሣ። ወንድሟ ግን አልደወለም። እሁድ ልብሷን አጥባ፣ ቤቷን ወልውላ ስትጨርስ ገና እኩለ ቀን አይሆንም። ሰኞ ጠዋት ባልደረቦቿ «እንዴት ሰነበትሽ?» ሲሏት ድምጿ ጎርንኖ ይወጣል፤ ከዓርብ ወዲህ ከማንም ጋር አላወራችበትም።

በሰባተኛው ወር የወንድሟ ሚስት ደወለች። ልጆቹ ደህና ናቸው፤ ኦቾሎኒው ያኔ የሻገተው እርጥበት ባለው መጋዘን ከርሞ ነው፤ አሁን ግን ከመሬት ከፍ ብሎ ይቀመጣል፣ እርጥብ ከመጣ ባሏ ራሱ ከነጆንያው ይመልሰዋል። ይህን ስትነግራት ከኋላዋ ሰው ሲስል ተሰማ። ያንን ሳል ከልጅነቱ ጀምሮ ታውቀዋለች።

«አጠገብሽ ነው?»

«አለ፤ እየሰማ ነው።»

«እስቲ ስጪው።»

ስልኩ ተንኮሻኮሸ። ጠበቀች።

«እትዬ… እጄ ሥራ ይዟል ይላል» አለች የወንድሟ ሚስት፣ አፍራ።

«ግድ የለም። ሳሉን ይታከም በይው።»