የሲኞር ጂኖን የሙሽርነት ሱፍ የበላችው ግመል

ባለፈው እሁድ ሰርግ ተጠርቼ በባጃጅ ወደ ኢንዱስትሪ ፓርኩ በኩል ስንሄድ፣ አስፋልቱን ሞልተው የሚሻገሩ ግመሎች አስቆሙን። ባለባጃጁ ክላክሱን ቢያንባርቅም አንዷ መሀል መንገድ ላይ ቆማ ቁልቁል አየችን። የታች ከንፈሯ ተንጠልጥሏል፣ ሽፋሽፍቷ የሙሽራ ይመስላል፣ በእሷ አስተያየት ጥፋተኞቹ እኛ ነን። ልጁ ሲሳደብ እኔን ሳቅ አፈነኝ።

«እማማ፣ ምኑ ነው የሚያስቀው?» አለኝ።

መንገዱ ተከፈተና ሳልነግረው ቀረሁ። ለእናንተ ልንገራችሁ።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ዘመኑ የጃንሆይ ነው፤ ጣልያን ተሸንፎ ከወጣ ሃያ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም። አባቴ ባቡር ጣቢያ ይሠራል፤ እኔ ከዚራ በሚባለው ሰፈር፣ ሲኞራ ኤልዛ የምትባል ጣልያናዊት ዘንድ ልብስ ስፌት እማራለሁ። ሶማልኛን ከመጋላ ሰፈር ልጆች ጋር ስጫወት፣ ጣልያንኛን ደግሞ ከእሷ መርፌና ክር ስቀበል ለመድኩ። ባሏ ሲኞር ጂኖ የጣልያን ጦር መኪና ሾፌር ሆኖ መጥቶ፣ ጓደኞቹ ሲመለሱ እዚሁ የቀረ ሰው ነው። ድሬ ዳዋ ምን አስቀረህ ሲባል «ሙቀቷ» ይላል። ማንም አምኖት አያውቅም።

ይህ ሰው አንድ ቀን ገበሬ እሆናለሁ ብሎ ተነሣ። አገሩ፣ አባቱ ቤት ሰባት ወንድማማቾች አንዲት ጠረጴዛ የምታህል መሬት ይሻሙ ስለነበር፣ የራሱን እርሻ ሲያልም ነው የኖረው። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ከአሸዋማው ወንዝ ዳር መሬት ተከራየና ሚስቱን፣ አልጋውንና የስፌት መኪናውን በጋሪ ጭኖ ወሰደ። ቤቱ እስኪሠራ ድንኳን ውስጥ ኖሩ። መኪናው ግራር ሥር ተቀመጠ፤ እኔም በሳምንት ሦስት ቀን በጋሪ እየሄድኩ እዚያው እሰፋለሁ። አቧራው ከክሩ ጋር ተሰፍቶ ይገባ ነበር።

ጉድጓድ ሲቆፍር ሦስት ወር ፈጀ። የወጣው ውሃ ጨው ጨው ይላል፤ እሱ ግን ጠጥቶ «ሻምፓኝ!» አለ። የመጀመሪያውን ቲማቲም ፀሐይ ጠበሰው። ሁለተኛውን፣ ተራራው ላይ የዘነበ ዝናብ ጎርፍ ሆኖ መጣና ከነመደቡ ጠረገው። ሦስተኛው ግን ቆመ፤ አረንጓዴ ፍሬም ያዘ።

«ይሄም ከጠፋ ወደ እናቴ እሄዳለሁ» አለች ሲኞራ። ቀልድ አልነበረም፤ ሻንጣዋን ከፍታ ልብሷን እንኳ አላወጣችም። እኔም እንደ ታላቅ እህቴ የማያት ሴት ልትሄድብኝ ነው ብዬ፣ በደረስኩ ቁጥር መጀመሪያ የማየው ቲማቲሙን ሆነ።

ከዚያ ግመሎቹ መጡ። ሲኞር ጂኖ እርሻውን በእሾህ አጠረ። ግመል እሾህ እንደሚወድ የነገረው አልነበረም፤ አጥሩን ቁርስ አደረጉት። ቀጥሎ ግመሎቹን የሚያስፈራራ የሰው ምስል ሊያቆም አሰበ። የሥራ ልብሶቹ ሁሉ ተቀዳደው ከማለቃቸው የተነሣ ለምስሉ የሚተርፍ ጨርቅ ጠፋ። ስለዚህ ሚስቱን ሳያማክር የሰርጉን ጥቁር ሱፍ አውጥቶ አለበሰው፤ ኮፍያም ደፋለት።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሦስታችንም መደቡ ዘንድ ስንደርስ አንዲት ግመል የኮቱን እጅጌ በዝግታ እያኘከች ነበር።

«ጂኖ!» ብላ ጮኸች ሲኞራ። «ያንን ለብሰህ ነው እኮ ያገባኸኝ!»

«ወፍሬያለሁ፣ አሁን አይገባኝም!»

«እኔስ አሁን የምገባህ ይመስልሃል?»

ሰውየው ንዴቱን ሁሉ ወደ ግመሏ አዞረ። ጎትቶ ከጉድጓዱ ምሰሶ ጋር አሰራት። ብዙም ሳይቆዩ ባለቤቷ ኤዶ ፋዱማ መጡ። ኤዶ በሶማልኛ አክስት ማለት ነው። ረጅም ናቸው፤ ከፊራ የሚባለው ገበያ ሲገቡ ባለወተቶች ሁሉ ድምፃቸውን ይቀንሱ ነበር። ከኋላቸው ሁለት የወንድማቸው ልጆች ዱላ ይዘዋል። ሲኞር ጂኖ ዶማውን አነሣ። መሀላቸው የቀረሁት ሁለቱንም ቋንቋ የማውቅ እኔ ነኝ።

«ንገሪያት!» አለ በጣልያንኛ። «ግመሏ ሌባ ናት፤ ሌባ ያሳደገም ሌባ ነው በያት!»

ዱላዎቹን አየሁ። «ኤዶ፣ ግመልዎ እንዴት አምራለች፣ አስተዳደግዎን አደንቃለሁ ይላል» አልኩ በሶማልኛ።

«እንዲህ እየጮኸ ነው የሚያደንቀው?»

«ጣልያኖች ሲያደንቁ ይጮኻሉ፣ ኤዶ።»

ፊታቸውን ወደ ተራራው አዙረው ሻሻቸውን አፋቸው ላይ ሳብ አደረጉና ወደ እኛ ዞሩ። «ይሄ የግመል መንገድ ነው በዪው! አያቴ ሲሄድበት የእሱ አያት አልተወለደም። ይሄን ፀሐይ የላጠው ሰውዬ ከነቲማቲሙ ነቅዬ ወንዙ ውስጥ እጥለዋለሁ በዪው!» ዱላቸውን አፍንጫው ሥር አወዛወዙበት።

«ሲኞር፣ በሱፉ በጣም አዝነዋል» አልኩ። «ፀሐዩ እንዳይጎዳህ ኮፍያ አድርግ ይላሉ። ደግሞ አያታቸው በዚህ ያልፉ ነበርና፣ ትንሽ መተላለፊያ ብትተውላቸው ደስ ይላቸዋል።»

«ዱላውስ?»

«እሱ የእነሱ ሰላምታ ነው።»

እንዲህ እያልን ፀሐይ አናት ላይ ወጣች። ላብ ጀርባዬን አጠበው። እነሱ ስድብ ያቀብሉኛል፣ እኔ ምርቃት አደርሳለሁ። በመጨረሻ ሲኞር ጂኖ ዶማውን አስቀምጦ «ለመተላለፊያው ስንት እርምጃ ይበቃታል?» አለ። ያን ቀን ሳልቀይር ያደረስኩት የመጀመሪያው ቃል ይህ ነበር። አሥራ አምስት እርምጃ ላይ ተስማሙ። ኤዶ ፋዱማም «አፈሩ ደክሟል፤ የግመሎቼን ፍግ ይውሰድ» አሉ። ግመሏ ስትፈታ አንድ የኮት ቁልፍ ተፋች፤ ሲኞራ አንሥታ በቀሚሷ ጠርጋ ኪሷ ከተተችው። ከተረፈው ሱፍ እኔና እሷ ሰደርያ ሰፋንለት።

ፍጉ ሥራውን ሠራ፤ ቲማቲሙ ቀልቶ ቅርንጫፉን አጎበጠው። የለቀማው ቀን ሲኞራ ትልቅ ብረት ድስት ጥዳ ኤዶ ፋዱማን ምሳ ጠራች። እኔ ዘግይቼ ስደርስ፣ ግራሩ ሥር ኤዶ በጣልያንኛ ያወራሉ፤ ሲኞር ጂኖም በተሰባበረ ሶማልኛ ይመልሳል! እግሬ ከመሬቱ ጋር ተሰፋ።

«ኤዶ! ጣልያንኛ ይችላሉ እንዴ?»

«ናያ፣ አንቺ ልጅ፣ ሞቃዲሾ ስምንት ዓመት ወተት ሸጬላቸዋለሁ። ስድባቸውንማ ከእነሱ ይልቅ እኔ አውቀዋለሁ።»

«እኔም እዚያው መኪና ነድቻለሁ» አለ ሲኞር ጂኖ አንገቱን እየደባበሰ። «‹ፀሐይ የላጠው› የሚለውን ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አላችሁ?» አልኩ፤ ፊቴ ከቲማቲሙ ይልቅ ቀልቷል።

«ወላሂ፣ ‹ሲያደንቁ ይጮኻሉ› ስትዪ ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር» አሉ ኤዶ። «የሳቀ ሰው እንዴት ይጣላል?»

«እኔ ደግሞ» አለ ሲኞር ጂኖ፣ «አንቺ ስትዋሺ ማሰቢያ ጊዜ አገኘሁ።»

ያን ጊዜ ሲኞራ ማማሰያዋን ይዛ ቆመች። «ማማ ሚያ! እኔ እኮ አምኛት፣ ያለፈውን ግመል ጠባቂ ሁሉ የመጥረጊያ እንጨት እያወዛወዝኩ ሰላም ስል ነው የከረምኩት!»

ለካ ግመሎቹ ከዚያ በኋላ ወደ እርሻው ዝር ያላሉት በስምምነቱ ብቻ አልነበረም። ኤዶ ፋዱማ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው ሻሻቸውን አፋቸው ውስጥ ከተቱ።

እርሻው ብዙ ዓመት አፈራ፤ ሲኞራም ሻንጣዋን ፈታች። ጃንሆይ ወርደው ዘመኑ ሲለወጥ ባልና ሚስቱን ወደ አገራቸው ሸኘናቸው። ኤዶ ፋዱማም አረፉ፤ መሬቱ ላይ ዛሬ መጋዘን ቆሟል።

እኔ ሰማንያን ካለፍኩ ቆየሁ፤ ግራ ጆሮዬም ከድቶኛል። ልጆቼ የመስሚያ መሣሪያ እንግዛልሽ እያሉ ያስቸግሩኛል። በዓል በመጣ ቁጥር ሴት ልጄና ምራቴ ማድ ቤት ይጋጩና፣ አንዷ ወጥታ «እማዬ፣ ምን አለች?» ትለኛለች። «በደንብ አልሰማሁም፤ ግን አንቺን እያመሰገነች መሰለኝ» እላለሁ። አምነውኝ ይሁን አዝነውልኝ እስካሁን አላውቅም። ብቻ ሁላችንም አንድ ገበታ ላይ እንቀመጣለን። መሣሪያውን ገና አላስገዛሁም።