ከቦርዱ ሥር የቆመችው ብሎን

ይህን ለማንም ተንፍሼው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴም አልነገርኳቸውም፤ «ሌላስ ልጄ?» ሲሉኝ ጾም መግደፌን አወራና ይህንን እዘለዋለሁ። ጾም ገድፎ ሥጋ መብላት ለመናዘዝ ቀላል ነው፤ በሬው ተነስቶ አይከስህም። አንተ ግን አታውቀኝም፣ ስለዚህ ላንተ ልንገርህ። ብቻ አንብበህ ስትጨርስ «ምስኪን፣ ተጸጽቷል» እንዳትለኝ። ምስኪን አይደለሁም።

ጁባ፣ ሙኑኪ ሰፈር ውስጥ፣ ጋሽ መኮንን የሚባሉ ያገሬ ሰው ኮምፒውተር ቤት እሠራ ነበር። በፈረንጆቹ 2017 ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ተኩስ ሱቁ ተዘርፎ ገና ማገገሙ ነበር፤ ዕቃ እንደ ልብ አይገባም። ስለዚህ ከዝርፊያ የተረፉትን አሮጌ ኬዞች፣ ማለትም ባዶ የኮምፒውተር ሣጥኖች፣ አቧራቸውን እያራገፍን አዲስ ማዘርቦርድ እንገጥምባቸዋለን። አብርሃም ተቀጥሮ የመጣው ያኔ ነው።

አብርሃም የሀዋሳ ልጅ ነው፤ ጴንጤ፣ ሳቂታ። የጁባን ዓረብኛ በምን ፍጥነት እንደለመደው እንጃ፣ የተቆጣ ደንበኛ ሲመጣ «ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም» ብሎ አስቆ ይሸኘዋል። እኔ ስንት ዘመን ኖሬ ዓረብኛዬ ከሰላምታ አያልፍም። ደንበኛው ሁሉ «ያ ልጅ የታለ?» ማለት ጀመረ። ጠላሁት። ምን አደረገኝ? ምንም! የገጠመውን ኮምፒውተር ከማብራቱ በፊት እጁን ጭኖ ይጸልይበታል፤ እኔ ጥርሴን እነክሳለሁ። ቆርቆሮ ላይ እጅ ይጫናል እንዴ? እያልኩ በሆዴ እሰድበዋለሁ።

ጋሽ መኮንን አብርሃምን የያዙት ለሙከራ ነበር። አትላባራ ሰፈር የሰርግ ቪዲዮ የምትሠራ፣ አዲስ አበባ ያደገች ደቡብ ሱዳናዊት አንድ ጠንካራ ማሽን አዝዛ ነበርና «እሱን ገጥሞ አስነስቶ ካስረከበ ወረቀቱን አወጣለታለሁ» አሉኝ። ወረቀት ማለት የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ ነው። ያ ከወጣለት ነፍሰ ጡር ሚስቱን ያመጣል፤ ካልወጣለት ወደ አገሩ ነው። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። ደግሜ ልበልህ፣ አውቅ ነበር።

ቦርድ ቆርቆሮውን እንዳይነካ በቢጫ መቆሚያ ብሎኖች ላይ ይቀመጣል፤ ብሎኖቹም ከቦርዱ ቀዳዳዎች ጋር መግጠም አለባቸው። አሮጌው ኬዝ የሌላ ቦርድ ቤት ስለነበር አንዲት ትርፍ ብሎን መሃሉ ላይ ቆማለች። አብርሃም እያወራ ስለነበር አላያትም። እኔ አየኋት። ቦርዱን ሲያስቀምጥባት፣ ዙሪያውን ሲያጠብቅ አየሁ። የቦርዱን ሆድ ነክታ ሾርት እንደምታደርገው አውቃለሁ። «ቆይ» ለማለት ምን ይፈጅብኝ ነበር? ዝም አልኩ። ያየሁት እኔ፣ ዝም ያልኩት እኔ።

ጸለየና ማብሪያውን ተጫነው። ፋኑ ሽው ብሎ ቆመ። ደግሞ ሽው አለ፣ ደግሞ ቆመ። ስክሪኑ ጥቁር ነው። ሚሞሪውን ነቅሎ የብረት እግሮቹን በላጲስ ጠርጎ መለሰው። ፓወር ሳፕላዩን ቀየረ። ጄኔሬተሩን ጠርጥሮ ከጎረቤት መስመር ሳበ። የቪዲዮዋ ሴት ወንበር ላይ ተቀምጣ «ኧረ በናታችሁ፣ ሰርግ አለብኝ» ትላለች። ላቡ በአፍንጫው ይንጠባጠባል። እኔ ደስ ብሎኛል። ይሄንንም ልደብቅህ? ደስ ብሎኛል።

መጨረሻ ላይ «ወንድሜ፣ እስቲ ያንተ ዓይን ይየው» አለኝ። ዓይኔማ አይቶ ጨርሷል! ጎንበስ ብዬ የመረመርኩ መሰልኩ፣ አሸተትኩት፣ ከዚያ ጋሽ መኮንን እንዲሰሙ ድምፄን ከፍ አድርጌ «ቦርዱን አቃጥለኸዋል» አልኩት።

«ከላስ! በቃ፣ ሂድልኝ» አሉት ጋሽ መኮንን። ያ አዲስ ቦርድ ከስንት ልመና በኋላ የመጣ ነበር።

እሱ ሲወጣ ቦርዱን ፈታሁ፣ ብሎኗን ነቀልኩ፣ መልሼ ገጠምኩ። ጢጥ ብሎ ተነሳ። «ጠገንኩት» አልኳቸው። «አንተ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር!» ብለው ትከሻዬን መቱኝ። ሴትዮዋም መረቀችኝ። ምርቃቱን ዋጥ አድርጌ ምሳዬን በላሁ።

አብርሃም እኮ ወዲያው አልሄደም። ንያኩሮን ሰፈር፣ ጓደኛው ቤት ነበር፤ በቦዳቦዳ ሞተር ብሄድ ቅርብ ነው። ጋሽ መኮንንም እውነቱን ቢሰሙ ይመልሱት ነበር። አልሄድኩም። ፈርቼ ነው እንዳልልህ፣ አልፈራሁም። ቦታው ስለተመለሰልኝ ነው።

ወደ አገሩ ሊሄድ ሲል ሱቁ ድረስ መጣ። ሻንጣውን በር ላይ አስቀምጦ ወደኔ ሲራመድ፣ ደርሶበታል ብዬ መፍቻዬን ጨበጥኩ። እሱ ግን ዓይኑ እንባ አቅርሮ «ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ» አለኝ። «ሆን ብለህ ያበላሸህብኝ መስሎኝ በልቤ ስከስህ ሰነበትኩ። ጌታ ገሠጸኝ። የገዛ እጄን ጥፋት ባንተ ላይ ልጭን?»

ያኔስ? ያኔ እንኳ አፌ ቢከፈት ምን ነበር? ተከፈተ፤ «ይቅር ብዬሃለሁ» አልኩት። አቅፎኝ አለቀሰ። እኔም ጀርባውን መታ መታ አደረግኩለት፣ እንደ ደግ ሰው።

ልጁ ሀዋሳ ተወለደ አሉ። አብርሃም ግን ሙያውን ተወ። ኮምፒውተር ሲያሳዩት «እጄ ያቃጥላል፣ አልነካም» ይላል ብለው ከዚያ የመጡ ሰዎች እየሳቁ ነገሩኝ። እኔም አብሬ ሳቅኩ።

ስልኩ አለኝ። ብደውልለት፣ ነገሬን እንኳ ሳልጨርስ «ይቅር ብዬሃለሁ፣ ወንድሜ» እንደሚለኝ አውቃለሁ። እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ ይሄው ነው፤ ያልደወልኩትም ለዚህ ነው። የበደልኩትን ሰው ይቅር ያልኩ እኔ ነኝ። አንተ ይቅር እንዳትለኝ።