ከነጥቦቹ የወጣችው ወፍ

ዛሬ የልጅ ልጄ ያሳየችኝ ወፍ እግሯ አንገቷ ላይ በቅሏል።

ጭሮ ከተማ ኬጂ ትማራለች። መምህሯ በየወቅቱ የነጥብ ሥዕል ትሰጣቸዋለች፤ መስከረም ላይ አበባ ነበር፣ አሁን ማሽላ ሲደርስ ወፍ። ነጥቦቹ የሚገናኙት በፊደል ተራ ነው። እሷ ግን ቅርብ ቅርቡን አገናኝታዋለች።

«ስጪኝ ላስተካክለው» አልኳት።

«አኮ፣ አንቺ ታበላሺዋለሽ። እማዬን ልጠብቅ።» እኔን አያቷን «አኮ» ነው የምትለኝ።

ላጲሱን ወሰድኩባትና መስመሮቹን አጠፋሁ።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው። በእሷ ዕድሜ ቦኬ ገጠር ውስጥ ማማ ላይ ተቀምጬ ከማሽላው ወፍ አባርር ነበር፤ ወንድሞቼ ትምህርት ቤት ነበሩ። ቁጭቱ እስከ ዛሬ አልወጣልኝም። (አሁን መነጽር ጠፋብን እያሉ ደብዳቤ የሚያስነብቡኝ እነሱ ናቸው።)

ከሀ ጀመርኩ። ለ፣ ሐ፣ መ እያልኩ ስሄድ ጣቷ እርሳሴን ይከተላል። የወፏ ምንቃር ወጣ፣ ክንፏ ወጣ፣ እግሯ የማሽላውን ዛላ ያዘ። አንድም ፊደል አልሳትኩም።

«አኮ፣ ወላሂ አንቺም ኬጂ ገብተሻል እንዴ?»

አልገባሁም። ነገ ግን መምህሯ «ማን አሳየሽ?» ስትላት «አኮ» ልትል ነው። ደስታዬን የምይዝበት አጣሁ።

እናንተስ፣ ዘግይታችሁ ያወቃችሁትን መጀመሪያ ያሳያችሁት ለማን ነው?