በቃጫ ያሰርኩት ሽቦ

«ልጄ፣ በየት ነው የገባው?»

ጋሽ ላምቤቦ ይህን የጠየቁኝ እናንተ አሁን የቆማችሁበት ጓሮ ውስጥ ነው። ሰባት ዶሮ አልቆ፣ እጄ በፋሻ ተጠቅልሎ። «እንጃ» አልኳቸው። የዶሮ ቤት ልንሠራ ነው፣ ምከሪን ብላችሁ ከመጣችሁ መጀመሪያ ይቺን ስሙ። እንዳታቋርጡኝ፤ ሁለቴ የምነግርበት ትዕግሥት የለኝም።

ክረምት ነበር፣ የተመረቅኩ ሰሞን። በእንስሳት ሳይንስ ተመርቄ ሆሳዕና ከተማ የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆሞ መዋል ሰለቸኝና ዶሮ አረባለሁ አልኩ። እማዬ ሰባት ዶሮዎች ነበሯት። እንደ ድሮው ቤት ውስጥ፣ ከላሞቹ በላይ ቆጥ ላይ ነው የምታሳድራቸው።

«ከሰው ጋር ማደር የለባቸውም፣ በሽታ ነው» አልኳት።

«አንቺንስ እዚሁ አይደል ያሳደግኩሽ አስቱ? በሽታሽ የቱ ነው?»

«ምላሴ።»

ሳቀች። ስቃም ሰባቱንም ሰጠችኝ።

ጋሽ ላምቤቦ ጎረቤታችን ነበሩ፣ አናጺ። እዚህ ሌሞ ውስጥ ስንቱ በር የእሳቸው እጅ ሥራ ነው። ደብተር ላይ የሣልኩትን ሰጠኋቸው፤ ገልብጠው፣ እንደገና ገልብጠው አዩት። «ይሄ የዶሮ ነው የሚኒስትር?» ግን ሦስት ቀን ሙሉ እንደ ሚኒስትር ቤት ሠሩት። አውሬ ከሥር ቆፍሮ እንዳይገባ ሽቦውን እስከ ጉልበት ድረስ ቀበሩት፣ ድንጋይ ጫኑበት። ግድግዳው ባህር ዛፍ፣ ውስጡ ሽቦ። ከጣሪያው ሥር ለአየር ክፍት የተተወችውን ስንዝር ቦታም ዙሪያዋን በሽቦ ሸፍነው በሚስማር መቱት። በየቀዳዳው ሁለት ጣታቸውን እየከተቱ ይለኩ ነበር። «ሸለምጥማጥ ጭንቅላቱ ካለፈ ሌላው ይከተላል» ይሉኛል።

ጨርሰው ሄዱ። ዶሮዎቹ የሚያድሩበት የቆጥ እንጨት ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። እንጨቱ ረጅም ነው፣ በበሩ አልገባ አለ። ቆርጦ ማሳጠር አንድ ነገር ነበር፤ ማን ይጠብቃል? በእንሰቱ በኩል ከጣሪያው ሥር ያለውን ሽቦ ነቀልኩና እንጨቱን በዚያ አስገባሁት። ዝናብ ጀመረ። መዶሻው ቤት ነው። እማዬ ካሰጣችው ቃጫ መዘዝኩና ሽቦውን ሦስት ቦታ አሰርኩት። ነገ እመታዋለሁ አልኩ። ነገም ነገ አልኩ።

በአራተኛው ቀን እንሰቱ መሃል ጭቃው ላይ ዱካ አየሁ። ክብ፣ ትንሽ፣ ጥፍር የሌለው፤ ድመት ትላላችሁ፣ ግን እኛ ሰፈር ድመት የለም፤ ሸለምጥማጥ ነው። ዱላ ይዤ እስከ ወንዙ ድረስ ተከተልኩት፣ ሣሩ ውስጥ ጠፋብኝ። ይምጣ፣ ጥርሱን ይሰብራል ብዬ ተመለስኩ። ቃጫው ትዝ አላለኝም።

በስድስተኛው ቀን ሊነጋ ሲል ዶሮዎቹ ጮኹ። ከዚያ ዝም አሉ። ያስነሳኝ ዝምታው ነው። ቦት ጫማ፣ ዱላ፣ የስልክ መብራት። በሩ እንደተቆለፈ ነው። ከፍቼ ገባሁና፣ እንዳያመልጠኝ ብዬ በሩን ከኋላዬ ዘጋሁት።

ይሄን እንዳታደርጉት።

ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው፣ ጎንበስ ብያለሁ። ላባ፣ ደም። መብራቱን ቀና ሳደርግ ቆጡ ላይ ነው፤ ነጠብጣብ ያለው፣ ረጅም፣ የእማዬን ጥቁር ዶሮ አንገቷን ይዟል። ዱላ ሳነሳ ዱላው ጣሪያውን መታ። እሱ ዶሮዋን ጥሎ እጄ ላይ ዘለለ። ጥርሱ መዳፌ ውስጥ ሲገናኝ ተሰማኝ። ስልኩ ወደቀ። «እማ!» እያልኩ እጮሃለሁ፤ እማዬ ከውጭ በሩን ትገፋለች፣ እኔ ደግሞ በጀርባዬ ተደግፌዋለሁ። በሩ ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው።

ለቀቀኝ። በትከሻዬ ላይ ወጣ፣ ሽቦው ሲንኳኳ ሰማሁ። በዚያች በምትነጋ ሰማይ ላይ ያየሁት ቀለበት ቀለበት ያለበትን ጭራውን ነው፤ እኔ በነቀልኩት በኩል ሹልክ ሲል። ቃጫው በዝናብ ረጥቦ፣ ላልቶ ተንጠልጥሏል።

እማዬ ዶሮዎቿን እየለቀመች እያለ ምን አደረግኩ መሰላችሁ? መዶሻ አምጥቼ ደሜ እየፈሰሰ ሽቦውን መታሁት። አራት ሚስማር። ከዚያ ነው ጤና ጣቢያ ሄጄ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ መርፌ የጀመርኩት።

ጋሽ ላምቤቦ ከሰዓት መጡ። ሚስማሩን ሁሉ አንድ በአንድ ዳበሱ። ጭቃው ላይ ተኝተው ከሥር አዩ። ምንም የለም። ያኔ ነው የጠየቁኝ፣ እኔም «እንጃ» ያልኳቸው። በማግስቱ የራሳቸውን ቀይ ዶሮ በብብታቸው ይዘው መጡ። «የእጄ ሥራ ነው ያስበላሽ፣ ውሰጂ።» ወሰድኩ። ወሰድኩ እኮ! ከዚያ በኋላ ሰው በር ሥሩልን ሲላቸው «እጄን አላምነውም» ማለት ጀመሩ። ቆይተው ሞርሲቶ ከተማ ያለ ልጃቸው ጋ ገቡ።

ቃጫ ሲረጥብ ይላላል። የነቀላችሁትን እዚያው መልሳችሁ ምቱ። ቀን ላይ ውስጥ ገብታችሁ በሩን ዝጉ፤ ብርሃን የሚገባበትን እዩ፣ ሸለምጥማጡም በዚያ ነው የሚገባው። ይሄን ማንም ይነግራችኋል። ይቺ ጣቴ ግን እስከ ዛሬ አትታጠፍም። ቀይዋ ዶሮም አለች፤ ቤት ውስጥ፣ ከላሞቹ በላይ።

ባለፈው ቅዳሜ በሚኒባስ ሞርሲቶ ሄድኩ። ደጃፍ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፣ አንሰዋል። መዶሻና መጋዛቸውን ለሰው ሰጥተዋል። እጃቸው ጭናቸው ላይ እንደ ሰው ዕቃ ተቀምጧል። ጤናዬን እንኳ አልጠየቁኝም።

«ልጄ፣ ያ ነገር በየት ነው የገባው? ተኝቼም ዙሪያውን እዳብሰዋለሁ። አጣሁት።»

«እርስዎ በሠሩት አይደለም ጋሽዬ። ሽቦውን እኔ ነቅዬ በቃጫ አስሬው ነበር። እርስዎ ከመምጣትዎ በፊት መልሼ መታሁት።»