ከጌታ እራት በፊት

በሰማንያዎቹ አሜሪካ፣ ኦክላንድ ውስጥ የምንሰበሰብበት የሜኖናይት ፕሮቴስታንቶች ቤተ ክርስቲያን ደወልም ጉልላትም አልነበረውም፤ ላየው ሰው መጋዘን ይመስላል። ሽማግሌው መጋቢያችን ግን በዚህ ይኮሩ ነበር። ቀደምቶቻቸው አውሮፓ ውስጥ «ሰው አውቆ ሲያምን ነው የሚጠመቀው» በማለታቸው ተሰደዋል፣ ወንዝ ውስጥ እየተወረወሩ ሞተዋል። ኋላ ማምለክ ሲፈቀድላቸውም፣ ጸሎት ቤታችሁ ከመንገድ እንዳይታይ ተብለው ነው። እኔና ታላቅ ወንድሜ አገር ቤት ሳለን የነሱው ምእመናን ነበርን። ደርግ ጸሎት ቤታችንን ሲያሽግ ወንድሜ ታስሯል።

አንድ ልማድ ነበራቸው። ከጌታ እራት በፊት መጋቢው እያንዳንዱን ሰው «ከሁሉ ጋር ሰላም ነህ?» ብለው ይጠይቃሉ። አንድ ሰው «አይደለሁም» ካለ፣ እሱ እስኪታረቅ ማንም አይቆርብም። እኛ ደግሞ ያደግነው ትኩሳት ይዞን እንኳ «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» እያልን ነው። የዚያን እሑድ ግን ወንድሜ እዚያው አቅራቢያ ኒውአርክ፣ መጋዘን ውስጥ ሁለት ሺፍት ሠርቶ ነበር የመጣው፤ ለይሉኝታ የሚሆን ጉልበት አልቀረውም።

«አይደለሁም» አለ።

መጋቢው ኅብስቱን መልሰው በጨርቅ ሸፈኑት። ከፊት የተቀመጡት አሮጊቶች ቦርሳቸውን አነሡ። እኔ በኀፍረት መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

ከሰዓት በኋላ መጋቢው ቤታችን መጡ። ወንድሜ ነገራቸው፤ ጸሎት ቤታችንን ያሸገው፣ እሱንም እየገፈተረ የወሰደው የቀበሌ ሊቀ መንበር አሁን ሳን ሆዜ ይኖራል።

«በአያቴ መንደር» አሉ መጋቢው፣ «ሁለት ጎረቤታሞች በውኃ ቦይ ተጣልተው፣ ሁለት ክረምት ሙሉ ኅብስት ሳይቆረስ ቀረ።»

«በኋላስ ታረቁ?»

«አንደኛው ወደ ሩሲያ ተሰደደ።»

ወንድሜ ሳቀ። ቀጥሎ ፊቱን በሁለት እጁ አሻሽቶ «ደክሞኛል። በል እባክህ፣ ሳን ሆዜ ድራይቭ አድርግልኝ» አለኝ።

ሰውየው የጥበቃ ዩኒፎርም እንደለበሰ በሩን ከፈተ። ሸብቷል። ወንድሜን ትክ ብሎ አየውና «ይቅርታ፣ አላወቅሁዎትም» አለ። ወንድሜ ከተማውን፣ ጸሎት ቤቱን፣ የዚያን ቀን የሆነውን አንድ በአንድ ነገረው። ሰውየው ለማስታወስ ከልቡ ሞከረ፤ ግንባሩን ቋጥሮ ሲታገል አየሁት፣ ሳልወድ አሳዘነኝ።

«ብዙ ቤት ነው ያሸግነው፤» አለ በመጨረሻ። «እርስዎ አንተ ነህ ካሉኝ፣ እኔው ነኝ። ይቅር ይበሉኝ። ኧረ ግቡ፣ ቁጭ በሉ።»

ሳንገባ ተመለስን። ብዙ መንገድ ከሄድን በኋላ «ጋሼ፣ ምን አሰብክ?» አልኩት።

«ለካ ይህን ሁሉ ዓመት የተጣላሁት ብቻዬን ነው» አለ።

በሚቀጥለው እሑድ መጋቢው ተራው ሲደርስ ጠየቁት።

«የምታረቀው ሰው የለም» አለ ወንድሜ።

መጋቢው ጨርቁን አንሥተው ኅብስቱን ቆረሱ። ሌሎቻችን በላን። ወንድሜ ግን ድርሻውን ሳይበላ መዳፉ ላይ እንደያዘ ዝማሬው አለቀ።