የመንታ እናት እግር

ልጅ እያለሁ፣ ቆቦ ላይ የማሽላ አጨዳ ሲደርስ ወገቡ የማይያዝ ገበሬ አልነበረም። ጎንበስ ብሎ ውሎ ቀና ማለት ያቃተው ሰው ታዲያ ወደ ጤና ጣቢያ ሳይሆን ወደ እኛ ቤት ነበር የሚመጣው። እናቴ ዘሀራ መንታ ወልዳለች፤ መንታ የወለደች ሴት ወገብ ከረገጠች ሕመሙ ይወጣል ይባል ነበር። መንታዎቹ እኔ ሁሴንና ወንድሜ ሀሰን ነበርን። ከሮቢትም ከዋጃም በሰው ተደግፈው ይመጣሉ። ለእኛ ጥንቅሽ ስለማይረሱ፣ አላህ ይቅር ይበለንና፣ የሰው ወገብ በተያዘ ቁጥር ደስ ይለን ነበር።

ሕመምተኛው ቁርበት ላይ በሆዱ ይጋደማል። እኔና ሀሰን እጅ ለእጅ ተያይዘን በራስጌው እንቆማለን፤ አንዳችን ከጎደልን ነገሩ አይሠራም። እናቴ እግሯን ታጥባ «ቢስሚላህ» ትልና ተረከዟን ወገቡ ላይ ታሳርፋለች። ሰውየው ቀና ብሎ ሁለታችንን ሲያየን ፊቱ ይፈታል። አባቴማ ገና የመታጠቢያውን ውኃ ድምፅ ሲሰማ ነበር የሚሻለው። «ወላሂ ሳትነኪኝ ለቀቀኝ» እያለ ይቀልድባታል፤ እሷም «እንግዲያው ተነስ፣ አታድክመኝ» ብላ በእግሯ ጣት ትጎነትለዋለች። የቁርበቱና የእርጥብ አገዳው ሽታ ዛሬም አፍንጫዬ ላይ አለ።

አንድ ዓመት ክረምቱ ሲወጣ ሀሰንን ወባ ወሰደው። አጨዳ እስኪደርስ እናቴ ከስታ ቀሚሷ ሰፍቷት ነበር። አባቴ ወገቡን ተይዞ መጣና እንደ ልማዱ ተጋደመ። በራስጌው ቆምኩ፤ የምይዘው እጅ ስላልነበረ እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። ቀና ብሎ አየኝ። እናቴ ስትወጣበት ጮኸ። አባቴ ሲጮህ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

«ውረጂ፣ የሀሰን እናት! ሰበርሽኝ፣ እግርሽ ከበደኝ!»

እሷ እኮ የድሮዋን ግማሽ አታህልም ነበር።

ወሬው አገሩን አዳረሰው። ጎረቤታችን እትዬ ለተብርሃን ሊያጽናኑ መጥተው «አይዞሽ ዘሀራዬ፣ አንዱ ሲሄድ የእግሩም ነገር አብሮ ይሄዳል ይላሉ፤ ምን ይደረጋል» አሏት። እናቴ «ሁለት ነው የወለድኩት። ሞት ልጄን ወሰደው እንጂ አልወለድሽም አላለኝም» ብላ አለቀሰች። የሰማት የለም። አዝነውላት ወገባቸውን ሊያስረግጡ የመጡትም እግሯ ያማል ሲባል ሰምተው ነበርና እያቃሰቱ ሄዱ። አባቴ የውኃ ድምፅ ሲሰማ መሸማቀቅ ጀመረ። ቆይቶ መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጠ፤ ደጃፍ ላይ እንደተቀመጠ፣ እንደጎበጠ ሞተ።

አሁን ደሴ ነው የምኖረው። ተቀምጦ መሥራት የእኔንም ወገብ ያዘው። የሚያክመኝ ሐኪም ይህን ታሪክ ሳጫውተው «ሰውነት የተማረውን ይጠብቃል» አለኝ፤ ይሻለኛል ያለ ይሻለዋል፣ ያመኛል ያለም የእውነቱን ያመዋል፣ ማስመሰል አይደለም። ምነው ባልሰማሁት እላለሁ። አባቴን ያሳመመው የእናቴ እግር ካልሆነ፣ ብቻዬን በራስጌው የቆምኩት እኔ ነኛ።

ባለፈው ዓመት ቆቦ ሄጄ እናቴ ፊት በሆዴ ተጋደምኩ።

«እማ፣ እርገጪኝ።»

«ተው ልጄ፣ የኔ እግር ከወንድምህ ጋር ተቀብሯል።»

ለመንኳት። ሐኪሙ ያለኝን ሁሉ ነገርኳት፤ እግርሽ ምንም አልሆነም አልኳት። ግድግዳውን ይዛ ወጣችብኝ። እንደ ሕፃን ቀላል ነበረች። ሁሉን እያወቅሁ ወገቤ እሳት እንደነካው ነደደ። ጥርሴን ነክሼ «ተሻለኝ እማ፣ ወላሂ ተሻለኝ» አልኳት። ገላዬ ሲኮማተር ግን ከእግሯ ሥር ተሰምቷታል። ወረደችና ጫማዋን አደረገች።